የአክስቴ ልጅ ተቋራጭ ነው፣ አብረን ቤት እንግዛ?

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ተቋራጭ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው። ያረጀ ቤት ገዝተን፣ እሱ አድሶት፣ ሸጠን ትርፉን እኩል እንካፈል ብሎኛል። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ከእኔ፣ ሥራው ከእሱ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ውል እንጻፍ ብዬ ብጠይቀው እንዳላመንኩት ቆጥሮ ይቀየመኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሉን ጻፉ። ቅያሜው ዛሬ ቢመጣ ቁጭ ብላችሁ ስታወሩ ይበርዳል። ገንዘቡ ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚመጣው ግን እናትሽንና አክስትሽንም ያጣላል።

መጀመሪያ ግን “እኩል” የምትሉት ነገር ይጥራ። የአክስትሽ ልጅ እዚህ ሥራ ላይ ሁለት ቦታ ነው የቆመው። የእጅ ዋጋ የሚገባው ባለሙያ ነው፣ ትርፍና ኪሳራ የሚጋራ ሸሪክም ነው። ጠቡ የሚነሳው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

በቁጥር እንየው። አንቺ ለቤቱ፣ ለዕቃውና ለሌላው ወጪ 900 ሺህ አወጣሽ እንበል። የእሱ የእጅ ዋጋ 150 ሺህ ነው ተባብላችኋል፣ ገና አልተከፈለውም። ቤቱ ተሸጦ፣ ግብሩና የሽያጩ ወጪ ተነስቶ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ እጃችሁ ገባ። አንቺ 900ውን፣ እሱ 150ውን ካነሳችሁ በኋላ የሚቀረው 150 ሺህ ነው፣ ለእያንዳንዳችሁ 75 ሺህ። የእጅ ዋጋውን ሳትቆጥሩ “እኩል” ካላችሁ ግን ትርፉ 300 ሺህ ይባልና እሱ በጠቅላላ የሚደርሰው 150 ብቻ ነው። ይሄ ሌላ ሰው ቤት ሠርቶ የሚያገኘው ያው የእጅ ዋጋው ነው! ይህን ስሌት ወረቀት ላይ አሳዪው። ውሉ እሱንም እንደሚጠብቅ ሲያይ ፊቱ ይፈታል።

አሁን ደግሞ ክፉውን አስቡ። ቤቱ 900 ሺህ ብቻ ቢያወጣስ? የአንቺ ገንዘብ ቀድሞ ይመለስ ካላችሁ፣ እሱ ለወራት የለፋው በነፃ ነው። እንደ መዋጯችን፣ ማለትም በ900 ለ150 ሚዛን፣ እንካፈል ካላችሁ ላንቺ 771 ሺህ፣ ለእሱ 129 ሺህ ገደማ ይደርሳል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ጉዳቱን አብሮ የተሸከመ ሰው ሥራውን አይተውም። ደግሞ እሱም ቤት የሚያስተዳድር ሰው ነውና የእጅ ዋጋው ግማሹ ሥራው እየታየ በየደረጃው ይከፈለው፣ ግማሹ እስከ ሽያጩ ይቆይ። ታዲያ በየደረጃው የተከፈለው በመጨረሻው ሂሳብ ላይ ከድርሻው ይቀነስ።

ያረጀ ቤት ደግሞ ጉዱን የሚያወጣው ሲፈርስ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ይነሳል፣ ከጀርባው ቧንቧው ዝጎ፣ ግድግዳው ረጥቦ በጣት ሲነካ እንደ አፈር ይረግፋል። ማን ይክፈል? ከእድሳቱ በጀት 15 ወይም 20 በመቶውን ከመጀመሪያው ለመጠባበቂያ ለዩ። ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ ዋጋው ተጽፎ፣ ሁለታችሁም ተስማምታችሁ ካልሆነ አይጀመር፣ በስልክ መልእክትም ቢሆን። መጠባበቂያው ካለቀ ማን እንደሚጨምርና ድርሻው እንዴት እንደሚለወጥ ውሉ ላይ ይግባ። በእሱ ስህተት የተበላሸውን ግን በራሱ ወጪ ያስተካክል።

ገንዘቡ በሁለታችሁ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የራሱ ሂሳብ ይኑረው። ደረሰኝ በዕለቱ ፎቶ ይነሳ። ለሙያው ሲባል የሚያገኘው የዕቃ ቅናሽም ለሥራው ይሁን።

ቤቱ በማን ስም ይሁን የሚለውን ብቻችሁን አትወስኑ። በአንቺ ስም ብቻ ከሆነ እሱ ባዶ እጁን ነው፣ በሁለታችሁ ከሆነ ደግሞ በሌላ ሥራው ገንዘብ ያበደረው ሰው ቤቱ ላይ ሊመጣ ይችላል። ቤቱን በራሱ ስም የሚይዝ ድርጅት፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር፣ ማቋቋም ለአንድ ቤት ይከብድ እንደሆነ ጠበቃ ጠይቁ። በተባለው ጊዜ ካልተሸጠ፣ ወይም አንዳችሁ ልውጣ ካለ፣ ድርሻውን ማን በምን ግምት እንደሚገዛም ይጻፍ።

ወሬውን ስትጀምሪ “አንተን ስለማላምን” በሚመስል መንገድ አትጀምሪው። “አንተ አንድ ነገር ብትሆን ልጆችህ ድርሻህን ምን ይዘው ይጠይቁኛል?” በይው። ከዚያ ቀብድ ሳትከፍሉ ቤቱን ክፍል በክፍል አብራችሁ ዙሩ፣ እሱ የሚፈርሰውንና የሚጠገነውን ይናገር፣ አንቺ ጻፊ፣ ያ ወረቀት ከውሉ ጋር ይያያዝ።