ከመቃብር የወጣው ብሮሽ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከእንግሊዝ የአንግሎ ሳክሰን (ከሮማውያን በኋላ እዚያ የሰፈሩ ሕዝቦች) መቃብሮች ስለሚወጡት ብሮሾች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈልኝ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብሮሽ ለጌጥ ብቻ ነበር እንዴ?

ኧረ አይደለም። መጀመሪያ ነገር የልብስ መያዣ ነው። ከጀርባው መርፌ አለው፤ አሠራሩ እንደ መርፌ ቁልፍ ነው። በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ዘመን ብዙ የአንግሎ ሳክሰን ሴቶች ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ፣ ያልተቆረጠ ሰፊ ቀሚስ ይለብሱ ነበር። ቀሚሱ ትከሻ ላይ በጥንድ ብሮሽ ይያያዛል። በሁለቱ መሃል ጨሌ ይንጠለጠላል። ካባ ከተደረበ ደግሞ ሦስተኛ ብሮሽ ይጨመራል።

ጨርቁ በስብሶ አልቆ የለም? አለባበሳቸውን በምን አወቃችሁ?

እህቴ፣ ይህን ስለጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ሰው ሁሉ የሚያየው የብሮሹን ፊት ነው። እኔ ግን ቶሎ ብዬ የማገላብጠው ወደ ጀርባው ነው። ፊቱ ነሐስ ቢሆንም መርፌው ብዙ ጊዜ ብረት ነው። ብረት አፈር ውስጥ ይዝጋል። ሲዝግ ደግሞ የነካውን ጨርቅ ወደ ውስጡ ይወስደዋል። ክሩ ራሱ ቢጠፋም መልኩ ዝገቱ ላይ ታትሞ ይቀራል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክሩ ወደ የት እንደተፈተለ፣ ጨርቁ እንዴት እንደተሸመነ ይለያል። አንዳንዴም ሱፍ ይሁን ተልባ ይታወቃል። አስቡት፤ ከ1,400 ዓመት በፊት አንዲት ሴት የፈተለችው ክር ማለት እኮ ነው! ጀርባውን አጥቦ ማንጻት ይህን ሁሉ ማጥፋት ነው።

ብሮሹ ከአጽሙ አንጻር የተቀመጠበት ቦታም ይናገራል። ግራና ቀኝ ትከሻ ላይ ጥንድ ከተገኘ ቀሚሷ ያ ነው። ከአፈሩ ተነጥቆ ገበያ የወጣ ብሮሽ ግን ቆንጆ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የመስቀል ቅርጽ ያላቸው አይቻለሁ። ክርስቲያኖች ነበሩ ማለት ነው?

አይደለም። «ባለመስቀል» የሚለው ስያሜ የዛሬ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። የብሮሹ የላይኛው ጫፍ ላይ ሦስት ጉብጉብታ ስላለው መስቀል ይመስላል። የታችኛው ጫፉ በብዛት በፈረስ ፊት ነው የሚያልቀው። ወንጌል ሰባኪው መነኩሴ አውግስጢኖስ (የሂፖው አይደለም) ከሮም ተልኮ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ኬንት የደረሰው በ597 ነው፤ እነዚህ ብሮሾች ከዚያ ይቀድማሉ። በነገራችን ላይ በዚያን ጊዜ አክሱም ክርስትናን ከተቀበለች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል።

አክሱምን ካነሱ አይቀር፣ ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ከብሮሹ ራሱ ጋር የለም። ከጎኑ ካለው ነገር ጋር ግን ሳይኖር አይቀርም። በአንዳንድ ሴቶች መቃብር ውስጥ ወገብ አካባቢ ትልቅ የዝሆን ጥርስ ቀለበት ይገኛል። የከረጢት አፍ ማስከፈቻ ነው። ሊንከንሻየር ውስጥ ስክሬምቢ ከሚባል ቦታ የወጡት ተመርምረው ውጤቱ በ2023 ታትሟል። ጥርሱ የአፍሪካ ዝሆን ነው፤ ዕድሜውም 5ኛውና 6ኛው መቶ ዘመን። ኬሚካላዊ ምልክቱ ዝሆኖቹ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባለበት ምድር እንደኖሩ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ የገመቱት የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆና የአክሱምን መንግሥት ነው። አክሱም በአዱሊስ ወደብ በኩል የዝሆን ጥርስ ትነግድ እንደነበር ደግሞ የታወቀ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ፀጉሬ ቆሟል። ብሮሿን በትከሻዋ፣ ከእኛ በኩል የሄደ ሳይሆን የማይቀረውን ጥርስ በወገቧ አድርጋ ነው የተቀበረችው።

ከሁሉም የሚበልጥብህ የትኛው ነው?

የኪንግስተን ብሮሽ። ኬንት ውስጥ ኪንግስተን ዳውን ላይ ነሐሴ 5 ቀን 1771 ከአንዲት ሴት መቃብር ወጣ። ያስቆፈሩት ብራያን ፎሴት የሚባሉ ቄስ ናቸው። ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው፤ ወርቅ፣ ጋርኔት የሚባል ቀይ የከበረ ድንጋይ፣ ሰማያዊ ብርጭቆና ነጭ ዛጎል አለበት።

ቀዩ ለምን እንደዚያ ያበራል ላላችሁኝ፣ ሚስጥሩ ከድንጋዩ ሥር ነው። አንጥረኛው ጋርኔቱን በስሱ ይሰነጥቀዋል። ከሥሩ ጥቃቅን አራት ማዕዘን መስመር የታተመበት የወርቅ ቅጠል ያነጥፋል። ብርሃን ድንጋዩን አልፎ ወርቁን ይመታና ተመልሶ ይወጣል።

የፎሴት ስብስብ በ1850ዎቹ ለብሪቲሽ ሙዚየም ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። አንፈልግም አሉ! ጆሴፍ ሜየር የሚባል የሊቨርፑል ወርቅ ሠሪ ገዝቶ በ1867 ለከተማው ሰጠው። ዛሬም እዚያው ሊቨርፑል ወርልድ ሙዚየም ነው ያለው።

ወንድሜ እንግሊዝ አገር የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ገዝቷል። አንድ ቢያገኝስ?

ከመፈለጉ በፊት የመሬቱን ባለቤት ያስፈቅድ። ዕድሜው ከ300 ዓመት በላይ ሆኖ ቢያንስ 10 በመቶ ወርቅ ወይም ብር ያለበት ዕቃ በ1996ቱ ሕግ መሠረት በ14 ቀን ውስጥ ለኮሮነር፣ ማለትም እንዲህ ያለውን ግኝት ለሚመረምረው የአካባቢው ሹም ይነገራል። ነሐስ ከሆነም በየአካባቢው ግኝት ለሚመዘግቡት ባለሙያዎች ያሳይ። አጥንት ካየ ግን መቆፈሩን እዚያው ያቁምና ለፖሊስ ይደውል። ብሮሹን ደግሞ አደራ፣ ውሃ አያስነካው።