ዛንዚባር ደርሼ ዋርድ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ

ጥያቄ፦ የአምስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ለስድስት ሳምንት የሆስፒታል ልምምድ ዛንዚባር መጥቻለሁ፤ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ራውንድ ላይ ሐኪሞቹ በእንግሊዝኛ ይጀምሩና ከታካሚው ጋር በስዋሂሊ ይቀጥላሉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። ስሜን የጠየቀኝ ሰው የለም። ትናንት ማታ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ሐኪም የእጅ ቁስል አሳይቶኝ "ስፊው" ብሎ ሊሄድ ሲል፣ ብቻዬን አልሰፋም አልኩት። ፊቱን አጠቆረብኝ። ዕድሌን አበላሸሁ? ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ አውጥቶብኛል። ትቼው ልመለስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትመለሺ። ስለ ስፌቱም ደግ አድርገሻል። ከሱ ልጀምር።

አገርሽ ላይ ብቻሽን እንድትሠሪ ያልተፈቀደልሽ ነገር፣ ባሕር ስለተሻገርሽ አይፈቀድልሽም። ተማሪዎች "እዚያ እኮ ብዙ ያሠራሉ" እየተባባሉ ሲደሰቱ እሰማለሁ። እኔ የሚታየኝ ታካሚው ነው። ጅማት ተቆርጦ እንደሆነ ሳታዪ ቆዳውን ብትሰፊው፣ ያ ሰው ጣቱ አልታጠፍ ሲለው አንቺ አገርሽ ገብተሻል። በሌላ ጊዜ ግን እምቢታሽን ለዘብ አድርጊው። "ሰፍቼ አውቃለሁ፣ ግን የሚያየኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ አምስት ደቂቃ አጠገቤ ሁንልኝ" በይ። ይህን ሰምቶ የሚሄድ ሐኪም ጥቂት ነው። ከሄደም ጓንትሽን አውልቂና ሌላ ኃላፊ ጥሪ። ነገ ጠዋት ደግሞ ሰውየውን ፈልገሽ ሰላም በይው፤ ኩርፊያው አይክረም።

መርፌ ካነሣን አይቀር፣ ቢወጋሽ ወዴት እንደምትሮጪ ዛሬውኑ ጠይቂ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በቻልሽው ፍጥነት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመድኃኒት ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ መጠያየቅ ክፉ ነገር ነው።

ወደ ግድግዳው እንመለስ። ደሴቲቱ እንግዳ ሐኪም ለምዳለች። የቻይና የሕክምና ቡድን ብቻ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ እየተቀያየረ ይመጣል። ተማሪውም ከየአገሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲስተሯ ስምሽን ያልጠየቀችሽ ንቃሽ አይመስለኝም። በስድስት ሳምንት የሚሄድ ሰው ስም መያዝ ሰልችቷት ይሆናል። ስለዚህ ቀድመሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። በዕድሜ የሚበልጥሽን ሁሉ "ሺካሞ" በይ፤ "ማራሃባ" ይሉሻል። ይህን ሰላምታ ዘልሎ የታካሚ ካርድ ማንሣት፣ እኛ አገር ሽማግሌ ሲገቡ ከወንበር አለመነሣት ማለት ነው። ታካሚው ሲያቃስት "ፖሌ" በይ፤ የእኛን "አይዞህ" ቦታ ይይዛል። ማታ ማታ አሥር አሥር ቃል ያዢ። አንዳንዱ ባዳ አይሆንብሽም፦ ደም "ዳሙ" ነው፣ የስኳር በሽታ "ኪሱካሪ" ነው፣ ግፊትን "ፕሬሻ" ይሉታል።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ከአውሮፓ ከመጣው ተማሪ ትበልጫለሽ። እሱም ሰዓት ነው። ስዋሂሊ እንደኛው ከንጋት ይቆጥራል። "ሳ ምቢሊ አሱቡሂ" ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ ልክ እንደኛ። ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን 8 ይሆናል። ቀላል ይመስላል አይደል? ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በነበርኩበት ሆስፒታል፣ አንድ እንግዳ ሐኪም አንቲባዮቲክ "8" ላይ ይሰጥ ብሎ ጻፈ። ጠዋት ማለቱ ነበር። ነርሷ በእኛ አቆጣጠር አንብባ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሰጠች። መድኃኒቱ ስድስት ሰዓት ዘገየ። ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የሠሩት፤ መሃል ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው ግን አልቆመም። አንቺ እዚያ መሃል ነሽ። ታካሚ ሲሸኝ ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ በስዋሂሊ ሰዓት ድገሚለት። ማንም "ሥሪ" ሳይልሽ የምትጀምሪው ሥራ ይህ ነው።

ከዚያ በቀን አንድ ታካሚ ያዢ። አንድ ብቻ። አገር ቤት የማታገኚውን ምረጪ። ሲክል ሴል፣ ቀይ የደም ሴል ማጭድ መስሎ የሚጣመምበት የዘር በሽታ፣ ለደገኛ ተማሪ የመጽሐፍ በሽታ ነው፤ ታንዛኒያ ውስጥ ግን የዘወትር ነው። አጥንቱን አሞት የሚያለቅስ ልጅ ሲመጣ የዓይኑን ነጭ እዪ፣ መዳፉ መገርጣቱን እዪ፣ እናቱን ስንት ጊዜ ደም እንደተሰጠው በአስተርጓሚ ጠይቂ። ብልሃርዚያም አለ። እኛ ጋ የሚበዛው አንጀትን የሚያጠቃው ዓይነት ሲሆን፣ የዛንዚባሩ ፊኛን የሚይዘው ነው፤ ልጁ ደም የቀላቀለ ሽንት ይዞ ይመጣል። ማታ ግማሽ ገጽ ጻፊበት፣ የታካሚው ስም ሳይኖርበት። ፎቶ አታንሺ። ቲክቶክ የሚባል ነገር ዋርድ ውስጥ እንዳይታሰብ።

ገና ልትሄዱ የምታስቡ ሌሎች ተማሪዎች እግረ መንገዳችሁን ስሙኝ። ከኢትዮጵያ ስትገቡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ፤ የሚጸናው ከተወጋችሁ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል አትሩጡ። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ለውጭ አገር እንግዳ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዴታ አድርጋለች። የቱሪስት ቪዛ ደግሞ የልምምድ ፈቃድ አይደለም። የትኛው ፈቃድ እንደሚያስፈልጋችሁ ተቀባዩ ሆስፒታል በጽሑፍ ይንገራችሁ።

የቤተሰብሽን ገንዘብ በተመለከተ፣ ሲቪሽ ላይ "ዛንዚባር ስድስት ሳምንት" የሚል መስመር ብቻውን ብዙ አያወራም። ለሬዚደንሲ (ለስፔሻሊስትነት ሥልጠና) ስትወዳደሪ ወይም ሥራ ስትጠይቂ "ምን አየሽ?" ስትባዪ የምታወሪው ያ ግማሽ ገጽሽን ነው። ሎግ ቡክሽን፣ ያየሽውንና የሠራሽውን የምትመዘግቢበትን ደብተር፣ በየሳምንቱ አርብ አስፈርሚ፤ ስድስት ሳምንት አጠራቅመሽ ብታመጪው የሚያስታውሰው የለም። የድጋፍ ደብዳቤውንም በመጨረሻው ቀን ሻንጣ ይዘሽ አትጠይቂ። በአራተኛው ሳምንት፣ ሥራሽን በዓይኑ ያየ ሰው ጋ ሄደሽ ጠይቂ፤ ያየውን እንዲጽፍልሽ ሦስት ታካሚ አስታውሺው። ያ ሰው ትናንት ፊቱን ያጠቆረብሽ ሐኪም ሊሆንም ይችላል። ነገ ጠዋት ቀድመሽ ሰላም በይው ያልኩሽ ለዚህም ጭምር ነው።