«አንደኛው» ሲባል የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ልጄን ሒሳብ ሳስጠናት አንድ ጥያቄ ላይ ተጨቃጨቅን። «ሁለት ሳንቲሞች ተወርውረው አንደኛው ዘውድ ቢሆን፣ ሁለቱም ዘውድ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?» ይላል። እኔ ግማሽ ነው አልኩ። እሷ ደግሞ ሲሶ ነው ብላ ድርቅ አለች። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሒሳቡን ሁለታችሁም አልሳታችሁም። የተለያያችሁት «አንደኛው» ላይ ነው።

ይህ ቃል በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። አንዳንዴ ተራ ይቆጥራል፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንደምንለው። አንዳንዴ ግን የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ከሁለት አንዱን ይጠቅሳል። «ከሁለቱ አንደኛውን ምረጪ» ብንላት ልጅዎ የመጀመሪያውን ብቻ ውሰጂ እንዳልተባለች ታውቃለች። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ማንንም አያስቸግርም። የዕድል ስሌት ላይ ሲደርስ ግን መልሱን ይቀይረዋል።

እስቲ ውጤቶቹን እንዘርዝራቸው። ዘውድ ዘውድ፣ ዘውድ ጎፈር፣ ጎፈር ዘውድ፣ ጎፈር ጎፈር። ሳንቲሞቹ ያልተዛቡ ከሆኑ የእያንዳንዱ ዕድል ሩብ ነው። እርስዎ «አንደኛው»ን «የመጀመሪያው ሳንቲም» ብለው አነበቡት። ስለዚህ የቀሩልዎት ዘውድ ዘውድና ዘውድ ጎፈር ናቸው፤ መልሱም ግማሽ። ልጅዎ «ቢያንስ አንዱ» ብላ አነበበችው። ለእሷ የወደቀው ጎፈር ጎፈር ብቻ ነው። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱም ዘውድ የሆኑበት አንድ ነው፤ ሲሶ።

ዘውድ ጎፈርና ጎፈር ዘውድ ያው አንድ አይደሉም ወይ የሚል ይኖራል። አይደሉም። አንዱን ሳንቲም ቀይ ቀለም ቀብተው ቢወረውሩት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፦ በአንዱ ውጤት ዘውድ የወጣው ቀዩ ነው፣ በሌላው ደግሞ ያልተቀባው። ዕድላቸው እኩል ያልሆነውን እኩል አድርጎ መቁጠር ትልልቆቹንም አሳስቷል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር እ.ኤ.አ. በ1754 «ኢንሳይክሎፔዲ» በተባለው የፈረንሳይ መዝገበ ዕውቀት በታተመ ጽሑፉ ላይ በሁለት ውርወራ ቢያንስ አንድ ዘውድ የማግኘት ዕድሉ ከሦስት ሁለት ነው ብሎ ተከራክሯል። መጀመሪያ ዘውድ ከወጣ ጨዋታው አለቀ፣ ስለዚህ ያሉት ሦስት ውጤቶች ብቻ ናቸው (ዘውድ፣ ጎፈር ዘውድ እና ጎፈር ጎፈር) ባይ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያውኑ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ግማሽ ሲሆን የሌሎቹ ሁለቱ ሩብ ሩብ ነው። ትክክለኛው መልስ ከአራት ሦስት ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ፍረድ ካሉኝ ወደ ልጅዎ አደላለሁ። «ሁለት ሳንቲሞች ተወርውረው» ሲባል አብረው ነው የተወረወሩት፤ ፊትና ኋላ የላቸውም። ተራ በሌለበት «አንደኛው» የሚሰማኝ «ከሁለቱ አንዱ» ሆኖ ነው። «አንድ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ተወርውሮ አንደኛው ዘውድ ቢሆን» ቢል ኖሮ ግን ከእርስዎ ጋር በቆምኩ ነበር፤ እዚያ ላይ ተራ አለ። ጥፋቱ የእርስዎ ሳይሆን ጥያቄውን የጻፈው ሰው ነው። ተማሪ ቃል በመገመት ውጤት ማጣት የለበትም።

«አንዱ» ብሎ ቢጽፈውስ? አሁንም አልዳነም። «አንዱ ዘውድ ነው» ሲባል ብዙ ሰው «ሌላው ግን አይደለም» ብሎ ይሰማዋል። በዚህ ንባብ ሁለቱም ዘውድ የመሆናቸው ዕድል ዜሮ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ «የመጀመሪያው ሳንቲም»፣ «ቢያንስ አንዱ»፣ «አንዱ ብቻ» ከሚሉት የታሰበውን መርጦ መጻፍ።

ልጅዎን ሌላም ዓረፍተ ነገር ያሳዩዋት፤ «ሁለቱም ዘውድ አልሆኑም»። አብዛኛው ሰው «አንዳቸውም አልሆኑም» ብሎ ይረዳዋል፤ ዕድሉ ሩብ ነው። «ሁለቱም አልሆኑም፣ አንዱ ግን ሆኗል» የሚል ሰውም አለ፤ ለእሱ ዕድሉ ግማሽ ነው። የመጀመሪያውን ለማለት «ሁለቱም ጎፈር ናቸው»፣ የኋለኛውን ለማለት «አንዱ ብቻ ዘውድ ነው» ብላ ትጻፍ።