ወርክሾፕ ለመክፈት ለምታስቡ ወጣቶች፦ ስለ ዴ ሮዛ ቤት

ይድረስ በብረታ ብረት ሙያ ተሰማርታችሁ የራሳችሁን በር ለመክፈት ለምታስቡ ልጆቼ።

አንድ ባለሙያ ቤቱን እስከ ምን ድረስ ማስፋት ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚታወሰኝ የእሽቅድምድም ብስክሌት ሠሪው የዴ ሮዛ ቤተሰብ ነው። ኡጎ ዴ ሮዛ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 ሚላኖ ተወለዱ፤ በወጣትነታቸው ብስክሌት ይወዳደሩ ነበር፤ በ1953 ገና ሃያ ሳይሞላቸው የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ። በ1958 ፈረንሳዊው ተወዳዳሪ ራፋኤል ጀሚኒያኒ በጂሮ ዲታሊያ፣ በታላቁ የጣሊያን የብስክሌት ውድድር፣ የሚወዳደርበትን ብስክሌት እንዲሠሩለት በጠየቃቸው ጊዜ ስማቸው በተወዳዳሪዎቹ ዘንድ መታወቅ ጀመረ።

ሥራውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በዚያ ዘመን ቴላዮ (የብስክሌት አጽም) ከሚሠራባቸው ተወዳጅ የብረት ቱቦዎች አንዱ የሆነው የኮሎምቡስ ኤስኤል፣ የግድግዳው ውፍረት ጫፎቹ ላይ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ መሃሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ ጫናው የሚበረታው መጋጠሚያው ላይ ስለሆነ ከመሃል ተቀንሶ ክብደት ይድናል። ቱቦው በሊማ ተስተካክሎ መጋጠሚያው ውስጥ ከገባ በኋላ በነሐስ ወይም በብር ቅይጥ ይያያዛል፤ የሚቀልጠው ቅይጡ እንጂ ቱቦው አይደለም፤ የቀለጠውም በሁለቱ መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ተስቦ ይገባል። እሳቱ ከበዛ ስስ ቱቦው ጥንካሬውን ያጣል፤ ካነሰ ቅይጡ ውስጥ ድረስ አይዘልቅም። ሁለቱንም ጉድለት ቀለም ይሸፍነዋል፤ ገዢው አያየውም፤ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ሠራተኛ ስትጨምሩ መቆጣጠር የሚያቅታችሁ ይህንኑ ነውና ሁለተኛ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ከበራችሁ የሚወጣውን እያንዳንዱን መጋጠሚያ ለማየት ጊዜ እንደሚኖራችሁ አስሉ።

ከ1973 ጀምሮ ዴ ሮዛ ለሞልቴኒ የብስክሌት ቡድን፣ በተለይም ለቤልጂጉ ተወዳዳሪ ኤዲ መርክስ ቴላዮ ይሠሩ ጀመር። መርክስ በ1969 ፈረንሳይ ውስጥ ብሉዋ ላይ ክፉኛ ወድቆ ከተጎዳ ወዲህ የጀርባ ሕመም አልለቀቀውም፤ በውድድር መሃል፣ ብስክሌቱ ላይ እንዳለ የኮርቻውን ከፍታ ያስተካክል ነበር። እንዲህ ያለውን ደንበኛ ብዙ ሠራተኛ ነገረኛ ብሎ ይሸሸዋል፤ እኔ ግን ከእርሱ የበለጠ አስተማሪ አላውቅም፤ ሚሊ ሜትር ሲያስቆጥራችሁ ልኬታችሁን ያርማልና። መርክስ በ1974 ጂሮውን፣ ቱር ደ ፍራንስንና የዓለም ሻምፒዮናን በአንድ ዓመት ጠቀለለ። ብስክሌቶቹ ላይ ተጽፎ የነበረው ግን የእርሱ የራሱ ስም እንጂ የሠሪው አልነበረም። ከሥራችሁ በፊት ታፔላ ለምታሰቅሉት ይህን ደግሜ እነግራችኋለሁ።

መርክስ ውድድር አቁሞ በ1980 ቤልጂግ ውስጥ የራሱን የብስክሌት ፋብሪካ ሲያቋቁም፣ እርሱንም ሠራተኞቹንም ሙያውን ያስተማሩት ዴ ሮዛ ናቸው። ነገ የገበያ ተፎካካሪ ለሚሆን ሰው እጅን ገልጦ ማሳየት ለነጋዴ ሞኝነት ይመስላል። ቤታቸው ግን በዚህ አልተዘጋም። እንዲያውም በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሽማግሌ ለመባል በተቃረቡበት ዕድሜ፣ ወደ ቲታኒየም ገቡ። ይህ ብረት ሲግል ከአየር ኦክስጅንና ናይትሮጅን ስለሚስብ ይሰባበራል፤ ስለዚህ ሲበየድ በአርጎን ጋዝ፣ ከውጭም ከቱቦው ውስጥም፣ መከለል አለበት። በነሐስ ያደገ እጅ እንደገና ለማጅ ሆነ ማለት ነው። በ1994 የጌዊስ ቡድኑ ሩሲያዊ ኢቭጌኒ በርዚን በዴ ሮዛ ብስክሌት ጂሮውን ሲያሸንፍ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ጂሮ ያሸነፈው ስፔናዊ ሚጌል ኢንዱራይን ሦስተኛ ወጣ።

ሌላ መንገድ የለም አልልም። እዚያው ሚላኖ አቅራቢያ ካምቢያጎ ላይ በዚያው ዘመን ሥራ የጀመሩት ብስክሌት ሠሪው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ቤታቸውን ብዙ አስፍተው በ2020 አብዛኛውን ድርሻ ለአቡ ዳቢ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ሸጠዋል፤ በዚያው ዓመት ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር በኮልናጎ ብስክሌት ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። የሚያስነቅፍ ነገር አላየሁበትም፤ ወራሽ ያላሰናዳ ቤት ግን ከመሸጥ ሌላ ምርጫ አይኖረውም። የዴ ሮዛ ልጆች ዳኒሎ፣ ዶሪያኖና ክሪስቲያኖ ከአባታቸው ጋር ሠርተዋል፤ አባትየው በማርች 2023 በ89 ዓመታቸው ሲያርፉም ሥራው በቤተሰቡ ውስጥ ነበር።