ሬኒየርን ከጓደኛ ጋር ሁለት ብቻ ሆኖ መውጣት፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

እህቴ፣ አንቺና ጓደኛሽ ራስ ዳሸንን ወጥታችኋል። ሲያትል ከመጣችሁ ወዲህ ደግሞ ሰማዩ በጠራ ቁጥር የሬኒየር ተራራ ፊት ለፊት እየታያችሁ ልባችሁ ተነሥቷል፤ «በጁላይ ያለ ጋይድ ሁለታችን ብቻ ብንወጣስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የእኔ መልስ፦ ውጡ፣ ግን ዘንድሮ ሁለት ብቻ ሆናችሁ አይሁን።

ከፍታው አያስፈራችሁ። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ሬኒየር 4,392 ሜትር። ልዩነቱ አወጣጡ ላይ ነው። ስሜን ላይ ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ እያላችሁ፣ በየሰፈሩ እያደራችሁ ነው የወጣችሁት፤ ሰውነታችሁ ቀስ በቀስ ለምዷል። እዚህ ግን አብዛኛው ሰው ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በሁለት ቀን ጫፍ ላይ ለመድረስ ይሞክራል። ራስ ምታትና ማስመለስ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ትልቁ ልዩነት ግን ከእግር ሥር ያለው ነው። ካምፕ ሚዩርን፣ ማለትም 3,100 ሜትር አካባቢ ያለውን ማደሪያ፣ አልፋችሁ በዲስአፖይንትመንት ክሊቨር መንገድ ስትቀጥሉ በአብዛኛው የምትረግጡት የሚንቀሳቀስ የበረዶ ግግር ነው። ግግሩ ቁልቁል ሲንሸራተት ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁን ደግሞ አዲስ በረዶ ይሸፍነዋል። ከላይ ሜዳ ይመስላል፣ ከሥሩ ገደል ነው። ሰው በእኩለ ሌሊት የሚነሣውም ድልድይ የሆነው በረዶ ብርዱ እንዳጠነከረው ለማለፍ ነው፤ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ያው ድልድይ አይታመንም።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ፤ የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ነው። ሦስት ሆናችሁ ታስራችሁ ስትሄዱ አንዱ ቢገባ ሁለቱ ይይዙታል፤ አንዱ ክብደቱን እንደያዘ ሌላው በረዶው ውስጥ መልሕቅ፣ ማለትም ገመዱን የሚይዝ መያዣ፣ ይቀብራል። ሁለት ስትሆኑ ግን ጓደኛሽ ስንጥቅ ውስጥ ብትገባ አንቺ በሆድሽ ተኝተሽ፣ አይስ አክስሽን (የበረዶ መጥረቢያሽን) በረዶው ላይ ሰክተሽ፣ ሙሉ ክብደቷን በወገብሽ ይዘሽ፣ በተረፈሽ እጅ መልሕቁን ራስሽ መትከል አለብሽ። ከዚያ ክብደቱን ከወገብሽ ወደ መልሕቁ ታዛውሪያለሽ፣ ከዚያ በካራቢነርና በፑሊ (በሚከፈት የብረት ቀለበትና በገመድ መንኮራኩር) የሚጎተት ሥርዓት ትሠሪያለሽ። ይህን ሁሉ ነፋስ እየገረፈሽ፣ በጓንት። ለዚህ ነው ሁለት ሰዎች በመካከላቸው 15 ሜትር ያህል ርቀት ትተው፣ የቀረውን ገመድ ለማዳኛ ጠቅልለው የሚሸከሙት፤ በመካከሉም ቋጠሮ ይቋጥራሉ፣ ቋጠሮው የስንጥቁ አፍ ላይ ነክሶ እንዲይዝ። እኔና ጓደኛዬ ይህን የጉዞው መነሻ በሆነው ፓራዳይዝ አካባቢ በማያሰጋ ተዳፋት ላይ ስንለማመድ፣ እሱ ከእኔ በጣም ስለሚከብድ ይዤ ማቆም ብቻውን ጉልበቴን ጨርሶታል። ያኔ ነው ሦስተኛ ሰው ፈልገን በሦስት የሄድነው።

ጓደኛን በተመለከተ፣ ጥሩ ጓደኛ መሆን አይበቃም። እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ፤ «እኔ ደክሞኝ ነው» ማለት የሌላውን ደስታ ማበላሸት ይመስለናል። ከካምፕ ሚዩር በላይ ባለው ሜዳማ ግግር፣ ኢንግራሃም ፍላትስ ላይ፣ ገመዱ ደጋግሞ ሲወጠርብኝ ጓደኛዬን «ደህና ነህ?» ስለው «ደህና ነኝ፣ ቀጥል» ይለኛል። ጠጋ ብዬ ፊቱን በመብራት ሳየው ግን ከንፈሩ ደርቋል፣ ጥቂት ቆይቶም አስመለሰው። እዚያው ተመለስን፤ ሦስተኛው ልጅ ምንም ቅር አላለውም። ከመነሣታችን በፊት ታች ላይ ስምምነት ነበረን፦ አንድ ሰው ከታመመ ውይይት የለም፣ ሁሉም ይወርዳል። ከጓደኛሽ ጋር ይህንን ከአሁኑ ተነጋገሩበት፣ የመመለሻ ሰዓትም ወስኑ። ያንቺ ጓደኛ «በቃኝ» ማለት የሚከብዳት ሰው ከሆነች፣ እባክሽ ገመዱን ከማሰርሽ በፊት እወቂው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በ1870 መውጣታቸው በታሪክ የተመዘገበላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች፣ ሃዛርድ ስቲቨንስና ቫን ትራምፕ፣ ጫፉ ላይ የደረሱት ሁለት ሆነው ነበር። መሸባቸው፤ ሌሊቱን ያተረፋቸው ከእሳተ ገሞራው አፍ የሚወጣው እንፋሎት ያሞቀው የበረዶ ዋሻ ነው። እንደነሱ ዕድለኛ እሆናለሁ ብሎ ማቀድ ግን አይቻልም።

ጋይድ መያዝም ሁሉን አይፈታም። በጁን 1981 እዚያው ኢንግራሃም ግግር ላይ የበረዶ ናዳ 11 ሰው ገድሏል፣ ጋይድም አብሮ ሞቷል። ስለዚህ ከተንጠለጠለ በረዶ ሥር ፎቶ ለማንሣትም ሆነ ለማረፍ አትቁሙ።

ጾም ለምትጾሙ፦ ኦገስት ውስጥ ፍልሰታ ስላለ ቀኑን ከዚያ በፊት ያዙ። ባዶ ሆድ ለዚህ ተራራ አይሆንም። በሶና ዳቦ ቆሎ ግን እዚያ ከምታገኙት ሁሉ ይሻላል፤ አይቀዘቅዝም፣ ሲያቅለሸልሽም ይዋጣል።

ፈቃድና የመውጫ ክፍያ ከፓርኩ ያስፈልጋችኋል፣ ከጉዞው በፊትም የሬንጀሮቹን (የፓርኩን ጠባቂዎች) የመንገድ ሁኔታ ዘገባ አንብቡ። ሲያትል ውስጥ ከ1906 ጀምሮ ያለው የተራራ ወጪዎች ማኅበር፣ ዘ ማውንቴነርስ፣ የበረዶ ግግር ጉዞና የስንጥቅ ማዳን ኮርስ ይሰጣል፤ ሁለታችሁም ተመዝገቡ፣ አንዳችሁ ብቻ መማር ዋጋ የለውም፤ የምትገባው የተማረችው ልትሆን ትችላለች። ሦስተኛ ሰውም እዚያው ታገኛላችሁ። ጫማና ክራምፖን (ከጫማው ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ) መከራየት ይቻላል፤ ጫማውን ግን ከሳምንታት በፊት አድርጋችሁ ዳገት ሞክሩበት፣ ክራምፖኑንም ጫማው ላይ ቤት ውስጥ በጓንት እያሠራችሁ ልመዱት።