የብሪጅ ጀማሪዎች ጥያቄ፦ ጨረታው፣ ነጥቡና የመጀመሪያዋ ካርታ

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በሰፈራችን ማዕከል የብሪጅ ትምህርት ጀምሬያለሁ። ካርታ አዲሴ አይደለም፤ ኮንከር ከልጅነቴ ስጫወት ነው ያደግሁት። ጨዋታው ሳይጀመር የሚካሄደው ጨረታ ግን አልገባ ብሎኛል። ሌላው «አንድ ስፔድ»፣ «ሁለት ኸርት» ሲል እኔ «ፓስ» ከማለት አላለፍኩም።

መልስ፦ «ፓስ» ማለትዎ ብዙ ጊዜ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። 52ቱ ካርታዎች ለአራት ሰው 13፣ 13 ተከፋፍለው ያልቃሉ፤ ጆከር የለም፣ ከመሐል የሚሳብም የለም። እጅዎን ሲያዩ አስን 4፣ ኪንግን 3፣ ክዊንን 2፣ ጃክን 1 ብለው ይደምሩ። የሁሉም ድምር 40 ስለሆነ ለአንድ ሰው በአማካይ 10 ይደርሰዋል። ጨረታ ለመክፈት 12 ወይም 13 ያስፈልጋል።

አራቱም አንዳንድ ካርታ ሲጥሉ አንድ ትሪክ ይባላል፤ ጠቅላላው 13 ነው። በጨረታው ቁጥር ላይ ሁልጊዜ 6 ይጨምሩ፦ «አንድ ስፔድ» ያለ ሰው ስፔድ ትራምፕ (ሌሎቹን ዓይነቶች የሚበልጥ ዓይነት) ሆኖ 7 ትሪክ እንወስዳለን እያለ ነው። ከዚያ በላይ ግን ትይዩ ለተቀመጠው አጋሩ እጁን እየነገረው ነው።

ይህን ይያዙ እንበል፦ ስፔድ አስ፣ ጃክ፣ 9፣ 6፣ 2፤ ኸርት ኪንግ፣ 4፤ ዳይመንድ ኪንግ፣ 8፣ 5፤ ክለብ ክዊን፣ 7፣ 3። ነጥብዎ 13፣ ስፔድዎ አምስት ነው፤ «አንድ ስፔድ» ይበሉ። አጋርዎ «ሁለት ስፔድ» ካለ፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ስፔድና ከ6 እስከ 9 ነጥብ አለኝ ማለቱ ነው። ቢበዛ 22 ናችሁ፤ ስለዚህ ፓስ ይበሉ። ሁለታችሁ 25 ገደማ ብትሆኑ ኖሮ ወደ 4 ስፔድ መውጣት ያዋጣ ነበር። ጌም የሚባለውን ጉርሻ ለማግኘት የኮንትራቱ (በጨረታው የተገባው ቃል) ዋጋ 100 መድረስ አለበት፦ ስፔድና ኸርት ከ6 በላይ ላለው እያንዳንዱ ትሪክ 30 ስለሚያስቆጥሩ 4 ይበቃል፤ ክለብና ዳይመንድ 20 ብቻ ስለሆኑ 5 ይጠይቃሉ። ኖትራምፕ (ያለ ትራምፕ የሚጫወቱት) የመጀመሪያው 40፣ ቀሪው 30 ነውና 3 ላይ ይሞላል። ሰው ሁሉ 3 ኖትራምፕን የሚወደው በዚህ ምክንያት ነው።

ከኮንከር ለሚመጣ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ትሪኩ የተጀመረበት ዓይነት እጅዎ ላይ እያለ ሌላ መጣል ክልክል ነው፤ እስከ ሁለት ትሪክ ሊያስቀጣ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ስፔድና ክለብ ጎን ለጎን ሲያዙ ነው። ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ አድርገው ይደርድሩ።

ጥያቄ፦ ለንደን ነኝ። አስተማሪያችን «አንድ ኖትራምፕ» በ12–14 ነጥብ ይከፈታል ትላለች፤ ስልኬ ላይ ያለው መለማመጃ ደግሞ 15–17 ይላል። ማን ተሳሳተ?

መልስ፦ ማንም። ብሪታንያ ውስጥ በብዛት የሚሰጠው አኮል የሚባለው ስልት ነው፤ እዚያ 12–14፣ ስፔድና ኸርትም በአራት ካርታ ይከፈታሉ። የአሜሪካው ስልት 15–17ና አምስት ካርታ ይጠይቃል። ብትቀላቅሉት አጋር በሦስት ነጥብ ተሳስቶ ይወጣል፣ ጥፋቱም የማን እንደሆነ አይታወቅም። የክፍላችሁን ያዙ፤ መለማመጃው አኮል የሚል ምርጫ ካለው ቀይሩት።

ጥያቄ፦ ጨረታውን እናሸንፋለን፤ ስጫወት ግን በአንድ ትሪክ እወድቃለሁ።

መልስ፦ ስህተቱ በመጀመሪያው ትሪክ ላይ ይሆናል። እርስዎ የሚያጫውቱት የአጋርዎ ካርታ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቶሎ አይጣሉ፤ በኖትራምፕ የተረጋገጡ ትሪኮችን፣ በትራምፕ ደግሞ የሚያጡትን ይቁጠሩ። ሁለታችሁ 8 ትራምፕ ካላችሁ ተቃራኒዎቹ 5 አላቸው፤ 68 በመቶ ገደማ 3ና 2 ይከፈላሉና ትራምፕ እየጣሉ የእነሱን ሲያስወጡ (ይህ መሳብ ይባላል) በሦስት ዙር ያልቃሉ። ካለቁ በኋላ መሳብ ያቁሙ። ከተዘረጋው እጅ ላይ በትራምፕ የሚቆርጡት (የተጣለው ዓይነት ስለሌለው በትራምፕ የሚወስዱት) ካለ ግን መጀመሪያ እሱን ይቁረጡ፤ ትራምፑን ስበው ከጨረሱ በኋላ የሚቆርጡበት አይኖርዎትም።