ዲቪዲ ሲገባበት ዝም የሚል ኮምፒውተር

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ አንባቢ እንዲህ ይላሉ፦ «ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ኮምፒውተሬ ዲቪዲ ሲገባበት ወዲያው ያጫውት ነበር። ቫይረስ አስጸድቼ ከወሰድኩት ወዲህ ግን ዲስኩ ሲሽከረከር ይሰማኛል እንጂ ምንም አይከፈትም። በእጄ ስከፍተው ይሠራል። አንድ ባለሙያ ማንበቢያውን ቀይር ብሎኛል። ከተስተካከለ ደግሞ የደንበኛ ዲቪዲ ሳስገባ ፊልሙ ከሚጀምር ፋይሎቹ ቢታዩኝ እመርጣለሁ።»

ማንበቢያውን እንዳይነኩት። በእጅ ሲከፈት የሚያነብ ከሆነ ጤነኛ ነው። አዲስ ተብሎ በካርቶን የሚሸጠውንማ ስንቴ ፈትቼ አየሁት፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተነቀለ፣ የቀድሞ ባለቤቱ አቧራ ሌንሱ ላይ እንዳለ።

እኔ የምጠረጥረው ያንን ቫይረስ ጽዳት ነው። ብዙዎቹ «አጽጂዎች» የሚያውቁት አንድ ዘዴ ነው፤ ሲገባ በራሱ የሚከፈተውን ሁሉ ዘግተው ገንዘባቸውን ተቀብለው መሄድ።

ዊንዶውስ ምን ሲገባበት ዝም እንደሚል የሚወስነው አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩን እንደ ስምንት ማብሪያ ማጥፊያ ይመልከቱት፤ እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ አለው። ፍላሽ 4 ነው፣ ሀርድ ዲስክ 8፣ የኔትወርክ ድራይቭ 16፣ ሲዲና ዲቪዲ 32፣ ከራም የሚሠራ ዲስክ 64። 1፣ 2 እና 128 ምንነታቸው በውል ላልተለየ ድራይቮች የተተዉ ናቸው። ሊዘጉ የፈለጉትን ይደምራሉ። ሁሉም ሲዘጋ 255 ይመጣል። የድሮው ኤክስፒ ከፋብሪካ ሲወጣ 145 ነበር፤ 128 እና 16 እና 1 መሆኑ ነው፤ ፍላሹንም ሲዲውንም ክፍት ይተዋል። (ይህን ማስረዳት ስጀምር የሥራ ባልደረቦቼ ቡናቸውን ጨልጠው ይነሣሉ።) ለእርስዎ የሚበጀው ከ255 ላይ 32 ቀንሶ 223 ማድረግ ነው፤ ዲስኩ ይከፈታል፣ ፍላሹ እንደተዘጋ ይቆያል።

ቁጥሩ ያለበትን የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብር ማስተካከያ፣ ሬጅኤዲትን፣ ይክፈቱ። ከሎካል ማሽን ተነሥተው ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከረንት ቨርዥን፣ ፖሊሲስ፣ ኤክስፕሎረር ድረስ ይውረዱ። ምንም ከመንካትዎ በፊት ኤክስፖርት አድርገው ቅጂ ያስቀምጡ። ቁጥሩ የተቀመጠው «ኖድራይቭታይፕአውቶራን» በሚለው ስም ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ኤፍኤፍ የሚል ጽሑፍ እንደሚያዩ እወራረዳለሁ፤ በአሥራ ስድስት መሠረት አቆጣጠር (ሄክሳዴሲማል) 255 ማለት ነው። መጀመሪያ ዴሲማል (የተለመደው አሥር መሠረት አቆጣጠር) የሚለውን ይምረጡ፣ ከዚያ 223 ብለው ይጻፉ። ቅደም ተከተሉን ካዛቡት ቁጥሩ 547 ሆኖ ቁጭ ይላል። ከረንት ዩዘር ሥር ያለውንም በዚያው መንገድ አይተው ያስተካክሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት።

«ቁጥሩን ለምን ጨርሼ አልሰርዘውም?» እንዳይሉ። በ2008 የተነሣው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ ከተሠራጨባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የመነሣት ልማድ ነበር። ዊንዶውስ 7 ይህን በር ለፍላሽ ዘግቶታል፤ ሆኖም ራሳቸውን ሲዲ አስመስለው የሚቀርቡ ፍላሾች አሉ፤ እነሱን 223 ስለማያግዳቸው ቀጥሎ ያለውንም እርምጃ አይዝለሉ። የእርስዎ ሱቅ ደግሞ የመቶ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ነው።

አሁን ወደ ኮንትሮል ፓነል ይሂዱና ዲስክ ወይም ፍላሽ ሲገባ ምን ይደረግ የሚለው የሚመረጥበትን አውቶፕሌይን ይክፈቱ። ከላይ ያለችው ሳጥን ምልክት ይኑራት። ዲቪዲ ሙቪ፣ ቪዲዮ ፋይልስ እና ሚክስድ ኮንተንት በሚሉት ትይዩ ፎልደር ክፈት የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ በኋላ የሠርግ ዲቪዲ ሲያስገቡ ቪዲዮ ቲኤስ የሚባለው ፎልደር ብቅ ይላል፤ ፊልሙ በውስጡ ቪኦቢ በሚል ቅጥያ ተቆራርጦ ተቀምጧል። ኦዲዮ ሲዲን እንዳሻዎ ያድርጉት። ሶፍትዌር ኤንድ ጌምስ የሚለውን ግን ቴክ ኖ አክሽን (ምንም አታድርግ) ላይ ያድርጉት፤ ማንም ባመጣው ዲስክ ወይም ፍላሽ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ሳይጠየቅ እንዳይነሣ። ሴቭ ማለትን አይርሱ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዝም ካለ ሰርቪስስ (ከጀርባ የሚሠሩ የዊንዶውስ አገልግሎቶች ዝርዝር) ውስጥ ሼል ሃርድዌር ዲቴክሽን የሚለውን ይፈልጉ። ቆሞ ካገኙት ኦቶማቲክ አድርገው ያስነሡት፤ ያ አጽጂ እሱንም ሳይነካው አልቀረም። የማያምኑት ዲስክ ሲመጣ ደግሞ ሺፍትን ተጭነው ያስገቡት፤ ኮምፒውተሩ አንብቦት እስኪረጋጋ ድረስ ጣትዎን አያንሡ።